ያልተጠየቀ የአጨዋወት ምክርና የመሰንቆ ተጫዋች፦ ከሞጣና ከቢቸና የሠርግ ዳሶች የተወሰደ ምልከታ

መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም የሠርግ ዳስ ውስጥ መሰንቆ የሚጫወት ሰው ብቻውን አይጫወትም። ታዳሚው ያጨበጭባል፣ እስክስታ ይወርዳል፣ ግጥም ያቀብላል፣ ይሸልማል፤ አልፎ አልፎም እንዴት መጫወት እንደሚገባ ያስተምራል። «ጭራውን ወጠር አድርገው»፣ «ደጋኑን ጫን በለው»፣ «ቅኝቱ ይህ አይደለም» የሚሉ ቃላት ዘፈኑ ሳይቋረጥ ከተጫዋቹ ጆሮ ይደርሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ተጫዋቹ እንዲህ ያለውን ምክር ጨዋታውንም መካሪውንም ሳይጎዳ እንዴት ሊያስተናግድ ይችላል የሚል ነው። ጽሑፉ የተመሠረተው አቅራቢው በሞጣና በቢቸና መሰንቆ ሲጫወት በገጠመው ላይ ስለሆነ፣ የሚያቀርበው ሐሳብ እንጂ ለሁሉም ተጫዋች የሚጸና ድንጋጌ አይደለም።

ልማዱ የከፈተው በርና ያልከፈተው

የአዝማሪ ጨዋታ የታዳሚን ጣልቃ ገብነት የሚያስተናግድበት የታወቀ ሥርዓት አለው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ተጫዋቹ እሺታውን ይገልጻል፤ ግጥሙን ሰምቶ በዜማው ውስጥ አስገብቶ ያንጎራጉረዋል። በዚህ ሥርዓት ቃሉ የሰጪው ነው፤ ዜማው፣ ደጋኑና ጊዜው ግን የተጫዋቹ ናቸው። ምክር ግን ይህን የሥራ ክፍፍል ያፈርሳል፤ መካሪው ከቃሉ አልፎ ወደ እጁ ይገባልና።

የአካባቢውን የትምህርት ባህል ማስታወስም ይጠቅማል። ቢቸና ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ብዙ አትርቅም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፤ ይህንንም እንደ ነውር የሚቆጥረው የለም። እርማቱ ግን ቦታ አለው፤ እርሱም ጉባኤው ነው። በቅኔ ማኅሌት ጊዜ መልካም ቅኔ ሲሰማ የሚከተለው ድምፅ «ይበል!» የሚል ነው። ስለዚህ በዳስ የሚሰነዘረው ምክር ችግሩ እርማት መሆኑ ሳይሆን፣ የጉባኤው እርማት በመድረኩ ሰዓት መምጣቱ ነው።

ሁለት ገጠመኞች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፣ በሞጣ አንድ ዳስ ውስጥ፣ ሌሊቱ ገፍቶ ብርዱ ሲበረታ፣ አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ድምፁ ሞተ እኮ! ጭራውን ወጠር አድርገው እንጂ!» አሉ። ጸሐፊው አክብሮትና ድንጋጤ ተደባልቀውበት ወዲያው መቃኛውን አዞረ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ግን አልጠራም። መሰንቆ በዘፋኙ ድምፅ ልክ የሚቃኝ መሣሪያ በመሆኑ፣ ጭራው ሲወጠር ጉሮሮም አብሮ መውጣት ግድ ሆነበት። በሦስተኛው ዘፈን ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እስክስታው ቀዘቀዘ፤ ሽልማቱም ቆመ። ለመልሱ ግብዣ የተጠራው ሌላ ተጫዋች ነበር።

የድምፁ መሞት ምክንያት በማግሥቱ ታወቀ። የመሰንቆው ሣጥን የተለበጠበት ቆዳ የሌሊቱን እርጥበት ስቦ ላልቶ ነበር፤ ከእሳት አጠገብ ጥቂት ሲሞቅ ድምፁ ተመለሰ። አዛውንቱ የሰሙት እውነት ነበር፤ ያዘዙት መድኃኒት ግን የሌላ በሽታ ነበር።

በሚያዝያ ወር በቢቸና ተመሳሳይ ቃል ከሌላ አባት ተሰማ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው «እሺ አባቴ፣ ይቺን ልጨርስና» ብሎ ደጋኑን ሳያቋርጥ ቀጠለ። በእረፍቱ ቆዳውን አሙቆ፣ ከአባት አጠገብ ሄዶ ጥቂት መታና «አሁንስ እንዴት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። «አሁን ነው እንጂ! ወጠርኸው አይደል?» አሉ ደስ ብሏቸው። ቆዳው እንደነበረ ሲነገራቸው ሳቁና «እኔ የሰማሁት መሞቱን ነው፤ መድኃኒቱንማ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ምርምሮች የሚያሳዩት

ክሉገርና ደኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ትንተና፣ ስለ ሥራ አፈጻጸም የሚሰጥ አስተያየት በአማካይ ውጤትን ቢያሻሽልም፣ ከሲሶ በሚበልጡት ሁኔታዎች ግን ውጤትን ዝቅ አድርጎ ተገኝቷል። እንደ ማብራሪያቸው፣ አስተያየት የሠራተኛውን ትኩረት ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲያዞረው ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሮበርት ዱክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ደግሞ ለሙዚቀኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። 16 የሙዚቃ ተማሪዎች በኪቦርድ አጭር ምንባብ ሲጫወቱ፣ ትኩረታቸውን በጣታቸው እንቅስቃሴ ላይ ከማድረግ ይልቅ፣ እንቅስቃሴው በሚያስከትለው ውጤት፣ ለምሳሌ በድምፁ ላይ ሲያደርጉ አጨዋወታቸው የተስተካከለ ሆኗል። ይህ ለመሰንቆ ልዩ ትርጉም አለው። በመሰንቆ ላይ ጣት ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ይነካዋል እንጂ። የድምፁን ቦታ የሚያመለክት ምልክትም የለም፤ መሪው ጆሮ ነው። «ጣትህን እንዲህ አድርግ» የሚል ቃል በጨዋታ መሐል ሲመጣ ጆሮን ከሥራው ይጠራዋል።

ለተጫዋች የሚሆኑ ነጥቦች

አንደኛ፣ መልሱ አጭርና አክብሮት ያለው ይሁን። «እሺ አባቴ» ወይም «እሺ እማማ» ማለት ምክሩን መፈጸም ሳይሆን መቀበል ነው። ልማዱም ይህን ያውቃል፤ «ተቀበል» የተባለ አዝማሪ ግጥሙን በዜማው ልክ እንጂ በሰጪው ፍጥነት አያወጣውም።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ ከመድኃኒቱ ይለይ። «ወጥረው» የሚለው ቃል «ድምፁ ደከመብኝ» ተብሎ ይተርጎም። «ደጋኑን ጫን በለው» ማለትም «አልሰማ አለኝ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ መንስኤው የደጋኑ ዕጣን ማለቁ ወይም የታዳሚው ጫጫታ ይሆናል። «ቅኝቱ ይህ አይደለም» የሚል ሰውም ትዝታን ከባቲ ወይም አምባሰልን ከአንቺሆዬ ያምታታል ማለቱ ላይሆን ይችላል። በኪቦርድ ከታጀበ ቅጂ የለመደው የድምፅ ከፍታ ስለተለየበት ብቻ ሊናገር ይችላል። ከፍታ መለወጥ ደግሞ ቅኝት መለወጥ አይደለም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እስከተጠበቀ ድረስ ቅኝቱ ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ለውጥ በእረፍት ጊዜ፣ አንድ በአንድ ይደረግ። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ተጫዋች የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። መሣሪያው ሊወድቅ ወይም ጭራው ሊበጠስ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ግን ለእረፍት አይቀጠርም፤ ወዲያው ይታያል።

አራተኛ፣ በግጥም አይበቀሉ። መካሪን በሰምና ወርቅ መውጋት ለአዝማሪ ቀላል ነው፤ ዳሱም ይስቃል። ነገር ግን ለአንድ ምሽት ሳቅ ሲባል ድምፁን በቅን ልቡና ያዳመጠ ሰው ይዋረዳል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጉድለት ቢኖር እንኳ የሚናገር አይገኝም።

ማጠቃለያ

ያልተጠየቀ ምክር ሁለት ነገር አጣምሮ ይመጣል፤ አንዱ የሰሚው ስሜት፣ ሌላው የሰሚው ግምት። ስለ ስሜቱ ሰሚው ምስክር ነው፤ ስለ መንስኤው ግን ተጫዋቹ መመርመር ይኖርበታል። ጸሐፊው በሞጣ ሁለቱን ባለመለየቱ ድምፁንም የመልሱን ሥራም አጣ፤ በቢቸና ሲለያቸው ግን መሣሪያውም መካሪውም ዳኑ። መሰንቆ የሚያስተምሩ መምህራን የቅኝትና የደጋን ልምምዱን ከዚህ የመስማት ልምምድ ጋር አብረው ቢሰጡ፣ ጀማሪ ተጫዋቾች ይህን በዳስ ውስጥ ዋጋ ከፍለው ከመማር ይድናሉ።