ያለ ቲኬት የሚጎበኝ ሙዚየም

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቅርስ ነው።

አምና የክፍላችን ልጆች ሉሲን ለማየት አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። የመኪናው ብር አልሞላልኝም ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አኮ (አያቴ) «ተነሺ፣ ልብስ እንጠብ» ብላ ሁሉቃ ወንዝ ይዛኝ ወረደች። እዚያ ግን በነጻ ብዙ ጎበኘሁ።

መጀመሪያ ቅርስ ምንድን ነው? ካለፉት ሰዎች ለእኛ የደረሰ ሀብት ነው። ሁለት ዓይነት ነው። የሚዳሰስ ቅርስ እንደ ሐውልት፣ ድልድይና የድሮ ዕቃ ያለው ነው። የማይዳሰስ ቅርስ ደግሞ እንደ በዓል፣ ተረትና ሥርዓት ያለው ነው።

አሁን ወንዝ ዳር ቆመን እንጎብኝ።

1ኛ. ወንዙ፦ ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ ወደ ጉደር ወንዝ ይገባል። ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ እኛ የምንጥለው ፌስታል መንገዱ ሩቅ ነው ማለት ነው!

2ኛ. የከተማችን ስም፦ አኮ ልጅ ሳለች አምቦ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

3ኛ. የአምቦ ውሃ፦ የዝናብ ውሃ ወደ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ከድንጋይ ማዕድን ያሟሟል። ከመሬት ሥር የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀለው አረፋ ያወጣል። ጋዙ የተፈጥሮ ነው። በፋብሪካ መታሸግ የጀመረው በፈረንጆች 1930 ነው።

4ኛ. ሰው፦ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱ ነው። እንደኛው የአምቦ ተማሪ ነበር።

5ኛ. በዓል፦ ኢሬቻም ጥምቀትም ውሃ ዳር ይከበራሉ። ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። እነዚህን ለማየት ቲኬት አይቆረጥም።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የድሮውን ገበያና መንገድ ሁሉ ያውቁ ነበር። «ነይ ላጫውትሽ» ሲሉኝ ሁልጊዜ «ነገ» እላቸው ነበር። ክረምት ላይ አረፉ። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ ዛሬ ባናየው ለከርሞ እናየዋለን። ሽማግሌ ግን አይጠብቀንም።

ስለዚህ ስትጎበኙ እንዲህ አድርጉ፦
ሀ. ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ።
ለ. «ማን ሠራው? መቼ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።
ሐ. የነገሯችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።
መ. ድንጋይ አትፈንቅሉ፣ ግድግዳ ላይ ስማችሁን አትጻፉ።
ሠ. ክረምት ላይ ወንዙ ስለሚሞላ ያለ ትልቅ ሰው አትውረዱ።

የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁና መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ። በሰልፍ ሰዓት እናነበዋለን። ዘንድሮም ጉዞ የሚቀር ልጅ ካለ አያልቅስ፤ ቅዳሜ ከአኮ ጋር ሁሉቃ ስንወርድ አብሮን ይምጣ።