ሥጋ ያልቀመሱ መነኮሳት የተከሉት ወይን

ዛሬ የምንማረው ፕሪዮራት ስለተባለው የስፔን ቀይ ወይን ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከገዳም ስለሆነ እኛም ከዚያው እንነሣ።

በካታሎንያ፣ በሞንትሳንት ተራራ ሥር፣ በ12ኛው መቶ ዘመን የካርቱዥያን መነኮሳት ገዳም ገደሙ። የአገሩ ሰው፣ አንድ እረኛ በጥድ ዛፍ ላይ በቆመ መሰላል መላእክት ሲወጡና ሲወርዱ አየ ይላል። የያዕቆብን ሕልም ለተማረ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ገዳሙ ስካላ ዴይ ተባለ፤ የእግዚአብሔር መሰላል ማለት ነው። አለቃው ፕሪዮር ስለሚባል፣ የሚያስተዳድረው አገር ፕሪዮራት ሆነ፤ ወይኑም ስሙን ከዚያ ወረሰ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካርቱዥያን ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ አይበሉም። ወይን ግን ለመሥዋዕቱ ያስፈልጋቸዋል፤ በማዕዳቸውም በልክ ይቀርባል። ታዲያ ሥጋን የተዉት ርኩስ ነው ብለው ነውን? አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በጋንግራ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ ሥጋ የሚበላውን ምእመን ተስፋ የለውም ብሎ የሚኮንነውን ሰው አውግዘዋል። ጾም መልካሙን ነገር ስለ ፍቅር መተው ነው፤ ክፉውንማ በፍስክም እንሸሸዋለን።

አሁን ወደ አፈሩ እንውረድ። የአገሩ ሰው ሊኮሬያ ይለዋል፤ በእጅ ሲይዙት እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ውኃ ስለማይዝ የወይኑ ሥር በስንጥቁ እየሾለከ ወደ ጥልቅ ይወርዳል። ያረጀው ሐረግ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን ጭማቂው ወፍራም ነው። ጋርናቻ የተባለው ዘር አልኮሉንና የፍሬውን ጣፋጭነት ያመጣል፤ ካሪኜና ደግሞ ቀለሙን፣ ኮምጣጣነቱንና ታኒኑን። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከመቶ 14 እስከ 15 ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1835 መንግሥት የገዳማትን ርስት ሲወርስ መነኮሳቱ ወጡ፤ ቆይቶ የወይን ተባይ ተክሉን አጠፋው። በ1989 ወይን ጠማቂዎቹ እነ ሬኔ ባርቢዬና አልቫሮ ፓላሲዮስ ግራታዮፕስ በተባለች መንደር ተሰባስበው ባይጠምቁ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ብቻ በሆነ ነበር።

ታኒን ያልኳችሁን አትለፉት። ቅጠሉ ብዙ የቆየበት ሻይ ምላስንና ድድን ሲጨብጥ ታውቃላችሁ፤ ያ ነው። ታኒን የምራቃችንን ፕሮቲን ይይዛል፣ አፍም ይደርቃል። ሥጋና ስብ አፍ ውስጥ ካለ ግን የሚይዘው ሌላ ያገኛል፣ ወይኑም ይለሰልሳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ የተጠበሰ የበግ ወርች፣ የዱር አሳማ ቅቅል፣ ቋሊማ ከነጭ ባቄላ ጋር በዚያ አገር ከዚህ ወይን አይለዩም። ዓሣን ተዉት።

ቃሪያና በርበሬም ጠላቱ ነው። እኔ ሞኙ አንድ ፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር አቀረብኩት፤ ገና በሁለተኛው ጉንጭ የእንግዶቼ ጆሮ ቀላ። አልኮል የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም። በግ ከሆነ አልጫውን አቅርቡ፣ ጥብስም ቢሆን ሚጥሚጣው ይቅር። ጠርሙሱን ከመብል አንድ ሰዓት በፊት ክፈቱት፣ በጣምም አታሙቁት።

አንድ ተማሪ ይጠይቃል፦ መነኮሳቱ ታዲያ በምን ጠጡት? በዳቦ፣ በጥራጥሬ፣ ባልጾሙበት ቀን ደግሞ በእንቁላልና በአይብ። አይብም ስብና ፕሮቲን አለው፤ ታኒኑ ከሥጋ የሚፈልገውን ከዚያም ያገኘዋል። እንደ ማንቼጎ ያለ፣ ወራት የቆየ፣ ሲቆረጥ ፍርፍር የሚል የበግ ወተት አይብ አንድ ቁራጭ ጎርሳችሁ ቀጥላችሁ ጠጡ።