ከውኃ ዳር ቆሞ ዓሣ ለማጥመድ የሚሆነውን ረዥም ዘንግ ስለ መምረጥ

ዓሣ በመረብም፣ በወጥመድም፣ በመቃጥንም ይያዛል። መረብ ለመግዛት ገንዘብ፣ ለመጣልም ታንኳ ያስፈልጋል። መቃጥን ግን፣ ማለት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 17 ጴጥሮስ ወደ ባሕር ይጥለው ዘንድ የታዘዘው፣ በተለምዶም መንጠቆ የሚባለው፣ አንድ ዘንግና አንድ ክር ላለው ሰው ሁሉ ይበቃዋል። ስለዚህ በጣና፣ በዝዋይና በአዋሳ ሐይቅ ዳር የሚያድግ ልጅ ማጥመድን ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይጀምራል።

በዚህ ትምህርት የሚነገረው ተንሳፋፊ ባለበት ክር ስለሚደረገው ማጥመድ ነው። ከመንጠቆው ከፍ ብሎ በክሩ ላይ አንድ የማይሰጥም ነገር፣ የደረቀ የደንገል ቁራጭ ወይም የጠርሙስ ቡሽ፣ ይታሰራል። ትል ወይም ሊጥ የተሰካበት መንጠቆ በውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ተንሳፋፊው በላይ ሆኖ ይታያል፤ ዓሣው ሲነክስ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወይም ይሰጥማል። የክሩ ሌላ ጫፍ በዘንጉ አናት የታሰረ ስለ ሆነ መንጠቆው የሚደርሰው ዘንጉ እስከሚያደርሰው ድረስ ነው።

ብዙ ልጅ ግን በእጁ የገባለትን የ3 ወይም የ4 ክንድ በትር ይዞ ወደ ውኃ ይወርዳል። ቆሮሶው ያለው ከሣሩ ጫፍ ወዲያ ነው፤ በትሩም አይደርስም። ልጁ ልብሱን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ይገባል፤ አሁንም አይደርስምና እስከ ወገቡ ይጨምራል። ጉዳቱ የሚጀምረው በዚህ ነው። በሐይቅ ዳር በሣር መካከል የሚኖር አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ፤ የቢልሃርዝያ በሽታ ትል የሚያድገው በእርሱ ውስጥ ነው። ሰው በውኃ ዳር ሲጸዳዳ የበሽታው እንቁላል ወደ ውኃው ይገባል፣ ከዚያም ወደ ቀንድ አውጣው ይሻገራል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣውም ዓይን የማያየው ትል እየዋኘ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባና በደም ሥር ሄዶ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ይህ ትል በብዛት የሚወጣው በቀትር፣ ፀሐይ በጋለችበት ጊዜ ነው፤ ልጆችም ወደ ውኃ መግባት የሚወዱት በዚሁ ሰዓት ነው። በጣናና በአዋሳ ደግሞ ጉማሬ አለ። እንግዲህ የረዥም ዘንግ ዋና ጥቅም የልጁን እግር በደረቅ መሬት ማስቀረቱ ነው፤ ዓሣ ማብዛቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዘንግ ከመቆረጡ በፊት ዳሩ ይለካል። ድንጋይ በሲባጎ ታስሮ ከሣሩ ጫፍ ጥቂት ወዲያ ይወረወራል፤ በእግር አጠገብ ባለው ሲባጎ ላይ ቋጠሮ ተደርጎ ይሳብና በክንድ ይቆጠራል። የአዋቂ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ሣሩ 6 ክንድ ቢሆን፣ የዘንጉ ጫፍ ከሣሩ 1 ክንድ እንዲያልፍ፣ ለእጅ መያዣም 1 ክንድ እንዲተርፍ፣ ዘንጉ 8 ክንድ ወይም 4 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በአጭር ዘንግ ክሩን አስረዝሞ ሣሩን ማሻገር ይቻላል የሚል አይጠፋም። መጣሉስ ይቻላል፤ ነገር ግን የተያዘው ዓሣ በሣሩ ውስጥ ሲጎተት ክሩ ይጠላለፍና ዓሣው ከነመንጠቆው ይቀራል። የጣና ውኃ በመስከረም ሞልቶ ወደ ግንቦት መጨረሻ ይጎድላል፣ ልዩነቱም 1 ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፣ በመስከረም የተለካ ዳር በግንቦት እንደገና መለካት አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ የተስፋፋው እምቦጭ ግን በማናቸውም ዘንግ አይታለፍም፤ እርሱ ባለበት ቦታውን መለወጥ ነው።

እንዲህ ከሆነ ዘንጉ 12 ወይም 14 ክንድ ቢሆን አይሻልምን? ለልጅ አይሻልም፤ ምክንያቱም በሒሳብ ይታያል። ልጁ የ10 ክንድ ዘንግ አግድም ዘርግቶ አንዱን እጁን በግርጌው፣ ሌላውን ከዚያ 1 ክንድ ራቅ አድርጎ ይያዝ። በጫፉ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ቢንጠለጠል፣ ከፊተኛው እጅ እስከ ዓሣው 9 ክንድ ስለ ሆነ የኋለኛው እጅ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ወደ ታች መጫን፣ የፊተኛውም 5 ኪሎ መሸከም አለበት። ዘንጉ 7 ክንድ ቢሆን ግን የኋለኛው 3 ኪሎ፣ የፊተኛው 3 ኪሎ ተኩል ይሆናል። የዘንጉ የራሱ ክብደት በዚህ አልተቆጠረም። ስለዚህ ለ12 ዓመት ልጅ 8 ክንድ፣ ለጎልማሳ 10 ወይም 12 ክንድ ይበቃል፤ ሣሩ ከዚያ የሰፋ እንደ ሆነ ሣሩ የጠበበበትን ዳር መፈለግ ይገባል። ዓሣ በውኃ ውስጥ ሳለ ክብደቱ እጅግ ትንሽ ነውና፣ ትልቅ የሆነውን በአየር ከማንሣት ይልቅ ሣር በሌለበት በኩል በውኃው ላይ እያንሳፈፉ ወደ ዳር መሳብ ዘንጉንም ክንድንም ያድናል።

ስለ እንጨቱም ነገሩ እንዲሁ የክብደት ነው። ሸምበቆ ቀላል ነው፣ ነገር ግን አንጓው ላይ ቶሎ ይሰበራል፤ ለትንንሽ ቆሮሶ እንጂ ለአምባዛ አይሆንም። በቆላ የሚበቅለው ሽመል ውስጡ ድፍን ስለ ሆነ ጠንካራ ነው፣ ርዝመቱ ሲጨምር ግን ክብደቱ እጅ ያደክማል፤ ለ5 ወይም ለ6 ክንድ ዘንግ ይመረጣል። በእንጅባራ ዙሪያና በሌሎችም ደጋዎች የሚበቅለው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ለረዥም ዘንግ የሚሻለው እርሱ ነው። የዘንድሮው ለጋ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃልም፤ 3 ዓመት የሞላው ግን አረንጓዴነቱ ደብዝዞ በጣት ሲመታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። በበጋ ተቆርጦ፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በጥላ ተሰቅሎ፣ እንዲቀናም ከሥሩ ድንጋይ ታስሮበት ይደርቃል። ከገዢ የሚወስድ ሰው ደግሞ ዘንጉን በግርጌው ይዞ ጫፉን ያወዛውዝ፤ መወዛወዙ ቶሎ የሚያርፈው ደኅና ነው፣ ለብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ግን ጫፉ ከብዷል። ክሩ ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከ2 አንጓ በታችም ይታሰር፤ ጫፉ ቢሰበር ዓሣው ከነክሩ አይሄድም።

በባዕድ አገር ፋብሪካዎች ከፋይበርግላስና ከካርቦን የተሠሩ፣ አንዱ ክፍል በሌላው ውስጥ የሚገባ ዘንጎች ይሠራሉ። የካርቦኑ በቅለቱ ከሁሉ ይበልጣል፤ ኤሌክትሪክ ግን ያስተላልፋል። ይህን የሚይዝ ሰው የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ዳር ዘንጉን ከቶ አያቁም፤ ኃይሉ ብርቱ በሆነ ሽቦ አጠገብ ሳይነካ እንኳ ሊገድል ይችላል። ርጥብ ቀርከሃም ከዚህ አደጋ አያድንም። ነጐድጓድ ሲሰማ ማንኛውም ዘንግ ይጋደም፣ አጥማጁም ከዳር ይራቅ።

የክሩ ርዝመት ከዘንጉ እኩል ወይም ግማሽ ክንድ ያነሰ ይሁን፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲነሣ መንጠቆው ራሱ ወደ እጅ ይመጣል፤ ከዚያ የረዘመ እንደ ሆነ ዓሣው ከእጅ በታች ሲወዛወዝ ያመልጣል። ከቤት ሲደረስ ዘንጉ በግድግዳ ተደግፎ ቢቆም ይጎብጣልና ከጣሪያው በታች በ3 ችንካር ላይ ይጋደማል፤ በቤት የሚድሁ ሕፃናት ስላሉም መንጠቆው ከክሩ ተፈትቶ በቡሽ ይሰካል።