በጣና ሐይቅ ከፍታ የጀልባ ሞተር ጉልበትና የፕሮፔለር ምርጫ

ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው። በመሆኑም የቤንዚን ሞተር በእያንዳንዱ ዑደት የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠው 33 ያህል ነው።

አየሩ ሲሳሳ ውሃው ግን አይሳሳም። ፕሮፔለሩ በአንድ የዙር ፍጥነት የሚጠይቀው ጉልበት በባሕር ወለል ከሚጠይቀው አይለይም። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተመረጠ ፕሮፔለር የተገጠመለት ሞተር ነዳጅ በሙሉ ቢሰጠውም አምራቹ የወሰነውን የዙር መጠን ላይደርስ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ተሳፋሪ ጭኖ ዘወትር መሥራቱ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል።

ከዚህ አንጻር ትልቅ ሞተር ከመግዛት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ፒቹ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ስሌታዊ ርቀት፣ አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ውጤቱም ጀልባው የተለመደ ጭነቱን እንደያዘ በዙር መለኪያ ሊረጋገጥ ይገባል።

ካርቡሬተር ባለው ሞተር ደግሞ ቤንዚኑ ለሳሳው አየር ስለሚበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ለዚህ መፍትሔው የነዳጅ ማሳለፊያውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ መተካት ነው፤ ይህም የነዳጅ ብክነትን ይቀንሳል እንጂ በከፍታው የጠፋውን ጉልበት በሙሉ አይመልስም።

ሞተሩ እንደ ጫሞ ወዳለ ዝቅተኛ ሐይቅ ሲዛወር ሁለቱም ማስተካከያዎች እንደገና መታየት አለባቸው። አለበለዚያ የነዳጁ ማነስ ሞተሩን ከመጠን በላይ ሊያግል፣ የፒቹም ማነስ ከተወሰነለት ዙር ሊያሳልፈው ይችላል።