ሞተር ሳይክላችንን በግቢያችን እንቀባ

ለንባብ ልምምድ የቀረበ የሙያ ትምህርት

ሞተር ሳይክል ዛሬ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የታወቀ መገልገያ ሆኗል። ሰው ያመላልሳል። እህል ወደ ገበያ ያደርሳል። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። ነገር ግን ጭቃው፣ ዝናቡና ፀሐዩ ቀለሙን ይልጡታል። ቀለሙ የተላጠ ብረት ደግሞ ይዝጋል። ሙሉውን ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ማስቀባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የነዳጅ ታንከሩንና ፓራፋንጎውን ራሳችን በብሩሽ መቀባት እንችላለን። ሥራው የሚፈልገው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም። ሆኖም ቤንዚንም ቀለምም አደጋ አላቸው። ስለዚህ ይህን ትምህርት መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሥራውን ከዚያ በኋላ ጀምሩ።

1. ብረት ለምን ይዝጋል?

ብረት ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ይዝጋል። ጭቃ እርጥበት ስለሚይዝ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ቀለም ውሃና አየር ብረቱን እንዳይነኩት ይከላከላል። እንግዲህ ቀለም ለውበት ብቻ አይደለም፤ የብረት ልብስ ነው።

በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ግን አይቆይም። ዝገቱ ከሥር እየሠራ ቀለሙን እንደ ዛፍ ቅርፊት ያነሣዋል። ከመቀባቱ ይልቅ መፋቁ ይበልጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

2. መቼና የት እንቀባ?

ጊዜው በጋ ይሁን። ጠሉ ከደረቀ በኋላ ነፋስ ሳይነሣ መጀመር ጥሩ ነው። እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የሚያቃጥል ፀሐይም ላዩን ቶሎ አድርቆ ያሳብጠዋል። ቦታው አየር የሚገባበት ጥላ ይሁን። መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ ጎተራ አጠገብ፣ ከብት የታሰረበት በረት አይሆንም። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውሃ ርጩበት።

3. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሀ) ፀረ ዝገት ቀለም፣ በገበያ አንቲረስት የሚባለው።
ለ) ለብረት የሚሆን ዘይት ቀለም።
ሐ) ማቅጠኛ፣ ማለት አኳራጅ። ጣሳው ሌላ ማቅጠኛ ካዘዘ የታዘዘውን ግዙ።
መ) ብርጭቆ ወረቀት፦ ቁጥር 120፣ 240 እና 400።
ሠ) ለስላሳ ብሩሽ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የዱቄት ሳሙና።
ረ) ጓንት፣ የወረቀት ፕላስተርና አሮጌ ጋዜጣ።

የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ከጀርባው ተጽፏል። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ወረቀቱ ሻካራ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ቁጥሩን ሳያነብ የገዛ ሰው የደህናውን ቀለም ፊት ይቧጭራል።

4. ከሁሉ በፊት ቤንዚኑ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። ቤንዚኑን ክዳን ባለው ጀሪካን ገልብጡና ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አኑሩ። ታንከሩን ፈትታችሁ ውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ቀን አቆዩት።

ልብ በሉ! ባዶ ታንከር ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ተስቦ ርቆ ያለ ምድጃ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በአካባቢው ሲጋራ አይጨስ፣ ቡና አይፈላ፣ ኩራዝ አይብራ። ታንከሩን በኤሌክትሪክ መፋቂያ አትንኩ፤ ፍንጣሪ ያወጣል። የተቀደደ ታንከር ካለም ቀለም አይደፍነውም። በቤት ውስጥ በየዱ ከቶ አይሞከር። ለብርቱ ባለሙያ ይሰጥ።

አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር በባልዲ አዘጋጁ። የቤንዚን እሳት ውሃ ሲደፉበት ይስፋፋል እንጂ አይጠፋም።

5. ማጠብና መፋቅ

ቅባቱን በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ቅባት ባለበት ቀለም አይይዝም። የታንከሩን ክዳንና የነዳጅ መውጫውን አጥብቃችሁ ድፈኑ። የፓራፋንጎውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሡ። የታንከሩን ግን በእጃችሁ፣ በቁጥር 120 ፋቁት። ቀጥሎ የአሮጌውን ቀለም ጠርዝ በ240 አስተካክሉ። በጣት ስትዳስሱት ደረጃ ሊሰማችሁ አይገባም። ትንንሽ የዛጉ ቡሎኖችን ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሯቸው። ጠዋት ቦርሻችሁ፣ አጥባችሁ አድርቋቸው።

አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ይህ መርዝ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከራችሁ ፋቁ። አቧራው አይነሣም። ልጆችንና ዶሮዎችን አርቁ። ስትጨርሱ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

የተፋቀ ብረት እርጥብ ሆኖ ካደረ እንደገና ይዝጋል። ወዲያው አድርቁትና በዚያው ቀን አንቲረስቱን ቀቡት።

6. መቀባት

የማይቀቡ ክፍሎች አሉ። የፍሬን ክፍሎች፣ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ መብራትና የሻንሲ ቁጥር አይቀቡም። ማርሚታና ሞተሩም በዘይት ቀለም አይቀቡም፤ ሙቀቱ ያቃጥለዋል። አጠገባቸው የምትሠሩ ከሆነ በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኗቸው።

መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ከታንከሩ ሥር፣ አንቲረስቱን ጥቂት ቀብታችሁ ሞክሩ። አሮጌው ቀለም ከተጨማደደ ሁለቱ አይስማሙም ማለት ነው። ያን ጊዜ አሮጌው ቀለም በሙሉ መፋቅ አለበት። ካልተጨማደደ አንድ እጅ አንቲረስት ቀቡ። ሲደርቅ በ400 ቀስ ብላችሁ አለስልሱት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት።

አሁን ዋናው ቀለም ይቀጥላል። ብሩሹን ጫፉን ብቻ ንከሩ። በአንድ አቅጣጫ ስባችሁ ቀቡ። ቀለሙ ስስ ይሁን። ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይበልጣል። ወፍራሙ ይወርዳል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል። በየመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለም?

የፕላስቲክ ክፍሎች ላይ ይህ ቀለም ቶሎ ይላጣል። ለፕላስቲክ የተዘጋጀ መነሻ ቀለም ካላገኛችሁ አጥባችሁ ተዉአቸው።

7. ጣሳውን እናንብብ

በጣሳው ላይ ሥዕሎች አሉ። የእሳት ነበልባል ካለ በቀላሉ ይቀጣጠላል ማለት ነው። የራስ ቅል ካለ መርዝ ነው። የሰው ደረት ላይ ኮከብ የመሰለ ምልክት ካለ የውስጥ አካልን ቀስ በቀስ ይጎዳል ማለት ነው። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ከሆነ የሚያነብ ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለበትም።

ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጭ ባለሁለት ጣሳ የመኪና ቀለም አለ። ጠንካራና ቤንዚን የማይበግረው ነው። ነገር ግን ማጠንከሪያው ሲረጭ የሚወጣው ጉም ሳንባን ይጎዳል። በአፍ ላይ የታሰረ ነጠላ ወይም ጨርቅ አያግደውም። ይህን ቀለም በግቢያችሁ አትርጩ። ተገቢው ጭምብል ላለው ባለሙያ ተዉት።

8. ከሥራው በኋላ

ቀለም የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይት ቀለም የነካው የተከመረ ጨርቅ ከራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተረፈውን ማቅጠኛ ወንዝ ወይም ጉድጓድ ውሃ አጠገብ አትድፉ። የቀለም ጣሳም ለመጠጥ ወይም ለዘር መስፈሪያ አይሆንም።

ቀለሙ በሚገባ ሳይደርቅ ቤንዚን አትሙሉ። ስትሞሉም የሚንጠባጠበውን ወዲያው ጥረጉ፤ ቤንዚን ዘይት ቀለምን ያለሰልሳል። ከመነሣታችሁ በፊት ቤንዚን እንደማያፈስ፣ ፍሬኑ እንደሚይዝ፣ መብራቱ እንደሚበራ አረጋግጡ።

የሞተሩ ቀለም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ቀዩን ሰማያዊ ለማድረግ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። የቀድሞውን ቀለም መልሶ መቀባት ግን ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ሒሳብ

የምንቀባው ስፋት 1 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ሦስት እጅ ስንቀባ 1 × 3 = 3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጣሳው «1 ሊትር ለ10 ካሬ ሜትር» ቢል፣ የሚያስፈልገን 3 ÷ 10 = 0.3 ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ጣሳ ይበቃናል። ጋሎን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

መልመጃ፦ ጣሳው «10 እጅ ቀለም ለ1 እጅ አኳራጅ» ይላል። 300 ሚሊ ሊትር ቀለም ስንት ሚሊ ሊትር አኳራጅ ይፈልጋል? (መልስ፦ 30)

አዲስ ቃላት

ትነት — ከፈሳሽ ወደ አየር የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ የማይታይ።
ፍንጣሪ — ብረት ሲፋጭ የሚዘል የእሳት ቅንጣት።
ማቅጠኛ — ወፍራም ቀለምን የሚያቀጥን ፈሳሽ።
ፓራፋንጎ — ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ።

ጥያቄዎች

1. ባዶ የነዳጅ ታንከር አደገኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?
2. ቁጥር 120 እና ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. አሮጌ ቀለም በውሃ እየነከርን የምንፍቀው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ካለ ሱቅ የግማሽ ሊትር ቀለም፣ የአንቲረስትና የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ደምሩት። ባለሙያ ከሚጠይቀው ዋጋ ላይ ቀንሱት። የቀረው ቁጥር በቤታችሁ የሚቀር ገንዘብ ነው።