ባርነት በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ቀረ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች

የኢትዮጵያ ነገሥታት ባሪያ መሸጥና መለወጥ ይቅር ብለው ያወጁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከለከሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ውል ተዋዋሉ፤ ዐፄ ምኒልክም በበኩላቸው ንግዱን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ እንዲህ እየተደጋገመ ሳለ ገበያው አልተፈታም ነበር። እንግዲህ መምህሩ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ከማስተማሩ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ንጉሥ የከለከለው ነገር ስለ ምን ከ80 ዓመት በላይ ሳይቀር ኖረ?

የቀደሙት ዳኞች ይፈርዱበት የነበረው መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህንም መጽሐፍ ኢብን አል ዐሳል የተባለ የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ አዘጋጀው፤ ኋላም ወደ ግዕዝ ተመለሰ። አንቀጽ 31 ስለ ባሮችና ሐራ ስለ ማውጣት የሚናገር ነው። በዚያም ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን በጦርነት የተሸነፈው ለአሸናፊው ባሪያ እንደሚሆን ተጽፏል። ባሪያን ሐራ ማውጣትንም ከተመሰገኑት ምግባሮች ጋራ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ብዙ ጌቶች ለመሞት በተቃረቡ ጊዜ በነፍስ አባታቸው ፊት ሲናዘዙ ባሮቻቸውን ነጻ ይለቁ ነበር። ልማዱ መልካም ነው፤ ሆኖም ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ጉድለቱ አይሰወርም። ነጻነቱ ስለ ጌታው ነፍስ የሚሰጥ ምጽዋት ነበረ እንጂ ባሪያው በዳኛ ፊት ቆሞ የሚጠይቀው መብት አልነበረም። ጌታው ሳይናዘዝ በድንገት የሞተ እንደ ሆነ፥ ወይም ወራሹ ኑዛዜውን የካደ እንደ ሆነ፥ ሰውዬው እንደ ላምና እንደ በቅሎ ከውርሱ ጋራ ይካፈላል።

በኤሮፓ አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብና ከምዕራብ አገር የተፈነገሉት ሰዎች በሊሙ እናርያ በሰቃ፥ በጎጃም በባሶ፥ በሸዋም በአብዱል ረሱል ገበያ እየተሸጡ ከፊላቸው በመተማ ወደ ሱዳን፥ ከፊላቸው በምጽዋና በታጁራ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ ነበር። ወደ ውጭ ከሚሸጡት የሚበዙት ልጆች፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች ነበሩ። ሕፃን ቋንቋውንና የአባቱን አገር ቶሎ ይረሳል፤ መንገድም አያውቅምና አያመልጥም። ነጋዴው ይህን ያውቅ ነበር።

ከእነዚህ ሕፃናት አንዱ በኢሉባቡር በሁሩሙ አጠገብ የተወለደ ሒካ የሚባል ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ ተነጥቆ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ። በዚያም ቬርነር ሙንትሲንገር የተባለ የስዊስ ሰው በኤሮፓ አቈጣጠር በ1870 ነጻ አወጣውና በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ስሙም ኦነሲሞስ ነሲብ ተባለ፤ ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና ስለ እርሱ የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም መሆኑን የመልእክታትን ትርጓሜ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ኦነሲሞስ አድጎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉውም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። እንደ እርሱ በልጅነቷ ለባርነት ከተሸጠችው ከአስቴር ጋኖ ጋራ ሆኖም የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1894 አሳተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሶ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዚያው በነቀምቴም በ1931 ዐረፈ። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በኤሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሒካን በገበያ ያወጣው ነጋዴ የሸጠው አንድ መምህርና አንድ ትምህርት ቤት መሆኑን አላወቀም። ከእርሱ ጋራ በዚያ መንገድ ሄደው ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩት ምን ሊሆኑ ይችሉ እንደ ነበረ የሚነግር የለም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። በቀደሙት ዐዋጆች የተከለከለው መሸጥና መግዛት ነበር እንጂ ባሪያ ማኖር አልነበረም። ማኖር እስከ ተፈቀደ ድረስ ደግሞ ገዢ አይጠፋም፤ በስውር የተገዛውንም ሰው «ከአባቴ የወረስሁት ነው» ወይም «በዘመቻ የማረክሁት ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ማን ይመሰክርበታል? ወታደሩም በገንዘብ የሚከፈል ደመወዝ አልነበረውምና ምርኮ የድካሙ ዋጋ ሆኖ ይታሰብ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ዳኛውና ባለባሪያው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ዐዋጁን በግዛቱ እንዲያስፈጽም የታዘዘው ሹም በአገሩ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ባሮች ያሉት እርሱ ነበረ። የተሸጠው ሰው አቤት ቢል የሚሰማው ያው የገዛው ሰው፥ ወይም የገዛው ሰው ወዳጅ ነው። ንጉሡም ሹሙን ቢያስቀይመው ጦር በተነሣ ጊዜ የሚከተለውን ሠራዊት ያጣል። ስለዚህ ነጋሪት ይጐሰማል፤ ገበያውም ከአደባባይ ወደ ጓሮ ይዞራል።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች። በጄኔቭ ባርነትን ምክንያት አድርገው የመግባቷን ነገር የተቃወሙ ነበሩና ባርነትን ለማጥፋት እንደምትጥር ተስፋ ሰጥታ ነው የገባችው። ከዚህም በኋላ መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሉበት፥ ባሮች ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። የዚህ ሕግ ልዩ መሆን ንግዱን ብቻ ሳይሆን ማኖሩን መንካቱ ነው። ከዐዋጁ ወዲህ ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነጻ ሆነ። ጌታው የሞተ እንደ ሆነም ባሪያው ከወራሾቹ ጋራ ከ7 ዓመት የበለጠ እንዳይቈይ ተወሰነ። ይህንም ነገር ብቻ የሚመለከቱ ዳኞች ተሾሙ፤ ነጻ ለወጡት ልጆችም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሕጉ ቀስ በቀስ የሚሠራ ነበርና የዘመኑ ሰዎች አንዳንዶቹ ፈጠነ፥ አንዳንዶቹ ዘገየ ብለው ነቀፉት። ለተሸጠው ሰው 7 ዓመት ረጅም እንደ ነበረ ግን መካድ አይቻልም።

በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጥቶ የወራሾቹን ዘመን አሳጠረ። በ1924 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር የባርነት ተቃዋሚ ማኅበር መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሳሉ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ባርነት ጨርሶ እንደሚጠፋ ቃል ሰጡ፤ በዚያው ዓመትም የዚህ ሥራ ልዩ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዳሩ ግን ጣሊያን ለወረራ ሲዘጋጅ በጄኔቭ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ይኸው ባርነት ነበረ። ክሱ ከፊሉ እውነት መሆኑ ይበልጥ ጐዳ። ባሮችን ነጻ አወጣሁ ብሎ ያወጀው ወራሪ ግን በ1929 ዓ.ም. ጣሊያናዊ ከአገሩ ተወላጅ ጋራ እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የሚከለክል የዘር ሕግ ደነገገ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ባሪያ የሚባል የሕግ ማዕርግ ጨርሶ ተሻረ፤ ሰውን እንደ ባሪያ የያዘም ከባድ ቅጣት ተወሰነበት። ይህ ዐዋጅ ከቀደሙት ይልቅ የጸናው በቃሉ ብርታት ብቻ አይደለም። በዚሁ ዓመት የአገር ግዛት ሥርዐት ተለውጦ ሹሙ በደመወዝ የሚያድር የመንግሥት አገልጋይ ሆነ፤ ወታደሩም እንዲሁ። በ5 ዓመቱ ጦርነት የብዙ ጌቶች ቤት ተፈቶ ነበርና ባሮቹም በየፊናቸው ተበትነው ነበር። ዐዋጁ የመጣው የቆመበት ምሰሶ ከተነቃነቀ በኋላ ነው።

ነጻ የወጣው ሰው ግን መሬትም ከብትም አልተሰጠውም። ስለዚህ ብዙዎቹ በቀድሞው ጌታቸው ደጅ ሎሌና ገረድ፥ ወይም ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በባርነት እንዳይያዝ ደንግጓል፤ ሆኖም ጋብቻ በሚጠየቅበት ጊዜ የአጥንት ቈጠራ ሲነሣ የሚሰማበት መንደር አለ። ቋንቋውም ነገሩን ይዞ ኖሯል። ዛሬ «ጨዋ» ሲባል ጠባየ መልካም ማለት ነው፤ ቀድሞ ግን ባሪያ ያልሆነ ሰው ማለትም ነበረ። በግዕዝ «ገብር» ባሪያም አገልጋይም ነውና ገብረ ማርያም፥ ገብረ ሥላሴ ተብሎ መጠራት ክብር ነው፤ በአማርኛ «ባሪያ» ተብሎ መጠራት ግን በትምህርት ቤት ደጅ ልጆች የሚደባደቡበት ስድብ ነው።

እንዲህ ያለ ስድብ በተሰማ ጊዜ መምህሩ ተሳዳቢውን ቀጥቶ ብቻ ቢያልፍ ልጁ ቃሉን ከቤቱ እንዳመጣው ሳይታወቅ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ወላጁን ጠርቶ መነጋገር ይገባል። ትምህርቱንም ሲሰጥ ስለ ሰቃና ስለ ባሶ ገበያ፥ ስለ 1916ና ስለ 1934 ዐዋጅ ይናገር እንጂ የመንደሩን ሰው ስም አያንሣ፤ የማንኛውንም ተማሪ ዘር አይጠይቅ። ያዩትንና የሰሙትን እንዲነግሩ ሽማግሌ የተጋበዙ እንደ ሆነ ይህንኑ አስቀድሞ ያስታውቃቸው። ከተማሪዎች አንዱ የገዛ አያቱ ባሪያ ነበራቸው እንደ ሆነ የጠየቀ ጊዜ ግን ጥያቄው ከክፍሉ ወጥቶ በቤቱ ይመለስለት፤ የቤቱም ሽማግሌ የነበረውን አልነበረም አይበሉት።