ፊደሉን መራጭ አንተ ሁን፦ ለወጣቱ ኮምፒውተር ጸሐፊ

ልጄ፣ እንፍራንዝ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት መሆኑን ሰማሁ፤ እሰይ ብያለሁ። ባሕር ዳር ከእናንተ ምንጮች ውኃ ይጠጣል፤ አንዲት ማመልከቻ ለማስጻፍ ግን ገበሬው ከእንፍራንዝ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። አሁን ያ መንገድ ሊያጥርለት ነው።

እኔ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት፤ መጀመሪያ በብዕር፣ ቀጥሎ በጽሕፈት መኪና፣ በመጨረሻም በኮምፒውተር። ስለዚህ "የእጅ ጽሑፍ ቀረ" እያልሁ የማለቃቅስ ሽማግሌ አይደለሁም። ሦስቱም እንጀራ ሆነውኛል። ሦስቱም ደግሞ ፊደሉን ለራሳቸው ወደሚመቻቸው ይጎትቱታል። ምክሬ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፦ መሣሪያው ይጻፍልህ፣ አይምረጥልህ።

1. የቀድሞውን ዘመን ያለ ልክ አትናፍቅ።

በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቃል፣ ዳዊት ይደግማል። ይህን ሁሉ አልፎ አንድ መስመር በእጁ ጽፎ የማያውቅ ግን ብዙ ነበር። ማንበብ አንድ ትምህርት፣ መጻፍ ሌላ ሙያ ነበርና። ጽሕፈቱ የቁም ጸሐፊው ነው፤ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፣ በወስፌ ያሰምራል፣ መቃውን ቀርጾ ጫፉን ይሰነጥቃል፣ ጥቁሩን ቀለም በአንድ ቀንድ፣ ቀዩን በሌላው ይዞ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። የዘጌና የጣና ደሴቶች ገዳማት መጻሕፍት እንዲህ ነው የተጻፉት። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቤት እመቤቷ በየራሳቸው እጅ መጻፍ የጀመሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ነው፤ ስልክ ደግሞ ይበልጥ አበዛቸው። በስልክ የሚጽፍ ወጣት አባቶቹን ከዳ የሚልህ ሰው ቢመጣ ይህን ንገረው።

2. መሣሪያህ ፊደሉን ምን እንደሚያደርገው እወቅ።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹን ገና አልቆጠርሁም። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ደግሞ አምሳ እንኳ አይሞሉም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ቀደምት ሰዎች የአማርኛ መኪና ለማበጀት ሲነሡ የገጠማቸው ፈተና ይህ ነው። እኔ በጻፍሁበት መኪና መፍትሔው ፊደሉን መበለት ነበር፤ ግዕዙን ትመታለህ፣ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥል ለብቻው ታክልበታለህ። ቅጥሉ አንዳንዴ ከፊደሉ ርቆ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዴ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ዳኛው ለምዶት ያነበው ነበር። መልኩ ግን የመኪናው እንጂ የፊደሉ አልነበረም።

3. የጃፓኖችን ነገር ልብ በል፤ የእኛ ግን ሌላ ነው።

የጃፓን ልጅ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ 1,026 የቻይና መሠረት ያላቸውን ምልክቶች ይማራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታደሰው ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውለው ዝርዝር 2,136 አለው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓንኛ መጻፊያ ማሽን ይፋ ካደረገ ወዲህ ጸሐፊው ድምፁን ብቻ ይመታል፤ ማሽኑ ምልክቶቹን ይደረድርለታል፣ እሱ ይመርጣል። ብዙ ጎልማሳ ምልክቱን ሲያየው ያውቀዋል፤ ብዕር ሲይዝ ግን አይመጣለትም። ዝርዝሩ ሲታደስም አንዳንዱን ማንበብ ከተቻለ በእጅ መጻፍ የግድ አይደለም ተብሏል።

እኛ የፊደል መልክ አይጠፋብንም፤ በልጅነት የቆጠርነው እስከ መቃብር ይከተለናል። የሚጠፋብን ምርጫው ነው፦ ሀ ነው ሐ ነው ኀ? ሰ ነው ሠ? ጸ ነው ፀ? አ ነው ዐ? ጃፓኑ ማሽኑ ከደረደረለት ውስጥ ለመምረጥ ይገደዳል፤ የእኛ ገበታ ግን ሳይጠይቅ የቀረበውን ይሰጥሃል። በብዙዎቹ መጻፊያዎች ቀላሉ ምት ሀን እና ሰን ያመጣል፤ ሐ፣ ኀ ወይም ሠ ሲያስፈልግህ ትልቁን ሆሄ መያዝ ወይም ደጋግመህ መምታት አለብህ። የቸኮለ ጣት የቱን እንደሚወስድ አንተም ታውቃለህ።

4. በሞክሼ ፊደላት ላይ አቋም ይኑርህ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው እያንዳንዱን ፊደል በቦታው ለመጠበቅ ደክመዋል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚሉ ሊቃውንትም ነበሩ፤ ክርክሩ ያረጀና የተከበረ ነው። ከሁለቱ ወገን የፈለግኸውን ያዝ። ነገር ግን አስበህበት ይሁን፤ ቁልፉ ስለቀረበህ ብቻ አይሁን። ጠረጴዛህ ላይ አንድ መዝገበ ቃላት አኑር፤ የሚያፍርብህ የለም።

5. በሰው ስም ላይ አትቸኩል።

ኮምፒውተር የድምፅ አንድነት አያውቅም፤ ፀሐይ እና ጸሀይ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ኃይለ ሥላሴ በትምህርት ቤት ኃይለሥላሴ፣ በቀበሌ ሀይለስላሴ፣ በባንክ ኃይለ ስላሴ ተብሎ ሲጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል። ሰው ሲያነበው አንድ መሆኑን ይረዳል፤ በስም ፈልግ የተባለ ማሽን ግን "የለም" ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ባለስሙ ሦስቱ ሰዎች እኔው ነኝ ብሎ ለማስረዳት ማመልከቻ ያስጽፋል፤ ይህን ጉዳይ በደጃፋችን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። መታወቂያ ሁሉ ወደ ዲጂታል እየገባ ባለበት ዘመን ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ስለዚህ ጠይቅ፦ "በየትኛው ሀ ነው? ተያይዞ ነው ተለያይቶ?" መታወቂያውን አስወጣና እንደተጻፈው ገልብጥ፤ በመሰለህ አታርም።

6. አማርኛን በላቲን አትጻፍ።

ልማዱ በስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ፊደል አልነበራቸውም። በኋላ ሲመጣላቸውም አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ለድሃ ኪስ ይህ ምክንያት ነበር። ዛሬ ግን መልእክቱ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ ፊደሉም በየስልኩ አለ። በላቲን ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ፤ "ወንድምህ መጣ" እና "ወንድምህ መታ" የሚለዩት በግምት ነው። በግምት የሚነበብ ጽሑፍ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቆምም። ባለጉዳይ መልእክቱን በላቲን ጽፎ ከላከልህ ደውለህ አስነብበው፣ ከዚያ በፊደል ጻፈው።

7. ነገ የሚከፈት አድርገህ አስቀምጥ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላን የመሳሰሉ ሰዎች ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ በዛ፤ ሁሉም ግን በየራሱ ስልት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ወረቀት በሌላው ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ሆሄና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ያንኑ ፎንት ካልጫንህ ማንም አያነበውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ የትም ብትከፍተው ሀ ሀ ነው። ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች በዚህ ይሠራሉ። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ውል ወይም ኑዛዜ ይዞ የሚመጣ ካለ ወደ ዩኒኮድ ለውጥለት፣ ለውጠህም ከወረቀቱ ጋር አመሳክር። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል፣ ወራሹ ሊከፍተው ሲችል ነው።

8. ነጥቡን አታቃልል።

ብዙ ልጆች አራት ነጥብን የላቲኑን ሁለት ነጥብ (:) ሁለት ጊዜ በመምታት ይሠሩታል። ከርቀት ይመስላል። ነገር ግን ከፊቱ ክፍተት ከተውህበት መስመር ሲሞላ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ የቀጣዩ መስመር መነሻ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑም ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም። አራት ነጥብ (።) ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፣ ገበታህ ላይ ፈልገው። ነጠላ ሠረዝና ድርብ ሠረዝም እንዲሁ።

9. ብዕር ከኪስህ አይለይ።

ባለጉዳይ ሲገባ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ አትዙር። የድንበር ክርክር ያለባት እናት ታሪኩን ከአያቷ ጀምራ ነው የምትነግርህ። ወረቀት ላይ በእጅህ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ማን ነው የተከሰሰው፣ ምን ሆነ፣ ምን እንዲወሰንላት ትፈልጋለች። እጅ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉን አይቀበልም፤ ፍሬውን እንድትለይ ያስገድድሃል። በኮምፒውተር ከጀመርህ የሰማኸውን ሁሉ ትደረድራለህ፣ ዳኛውም ሦስት ገጽ ውስጥ ጥያቄውን ሲፈልግ ይውላል።

ቤትህ ላሉት ልጆችም ቢሆን ስልኩን ከመስጠትህ በፊት ፊደሉን በእርሳስ አስጽፋቸው። ካዕብ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ ቅጥል እንደሚያወጣ፣ ኃምስ እግሩ ላይ እንደሚቀለበስ፣ ረ እና ፈ ደግሞ ከዚህ ሥርዓት እንደሚያፈነግጡ እጅ ሲሄድበት ነው የሚገባው። ገበታ ያለቀለትን ፊደል ነው የሚሰጥ፤ አሠራሩን አያሳይም።

10. የሐይቁን መጻሕፍት ማንበብ ልመድ።

ተመራማሪው ኤርንስት ሀመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣናን ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ዛሬ ከየአገሩ ቤተ መጻሕፍት የተነሡ የብራና ሥዕሎችን በስልክህ መክፈት ትችላለህ። ሥዕሉ ግን በቃል ፈልግ ቢሉት አይመልስም፤ የጸሐፊውን እጅ የሚለይ ዓይን ይፈልጋል። ያን ዓይን ለማግኘት እንደ አንተ ለጣና የቀረበ ሰው ብዙ የለም። አንድ የዘጌ አባት አጠገብ ተቀምጠህ ጥቂት ቅጠል ብታነብ ገበታ የማያስተምርህን ታገኛለህ።

11. ከማተምህ በፊት ለባለጉዳዩ አንብብለት።

ማንበብ የሚችለው ራሱ ይየው፤ ለማይችለው ድምፅህን ከፍ አድርገህ ከስሙ እስከ ጥያቄው አንብብለት። "ይህ አይደለም ያልሁት" ካለህ አትከፋ፣ አርመው። አንተ የፊደሉ ባለሙያ ነህ፤ የነገሩ ባለቤት እሱ ነው። ገንዘቡን ተቀበል፣ ፋይሉን በስሙ አስቀምጥ፣ ሌላውን ጥራ።